የአያቱ አሮጌ መጻሕፍት ቤትና አምስቱ ዶን ኪሆቴዎች

ከአያት የቀላል ባቡር መጨረሻ ጣቢያ ወርዳችሁ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄዳችሁ፣ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹ በአንዱ ሥር፣ በጎሚስታና በእህል ወፍጮ መካከል የተሸጎጠ አሮጌ መጽሐፍ ቤት አለ። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ የተደረደሩት የ12ኛ ክፍል ፈተና መለማመጃዎች ናቸው ምልክቱ። ዘልቆ ለገባ ሰው ግን በስተግራ ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ ላይ ተሰብስቦ በቀላሉ የማይገኝ ነገር ይጠብቀዋል፦ የስፔናዊው ደራሲ የሚጌል ደ ሴርቫንቴስ ልቦለድ «ዶን ኪሆቴ» በአምስት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች። ከጎን ያለው ወፍጮ የሚዞረው በመብራት እንጂ በነፋስ ስላልሆነ፣ የነፋስ ወፍጮን ግዙፍ ጠላት ብሎ የሚወጋው ባለታሪክ ራሱ ቢመጣ ጦሩን የሚያነሣበት ምክንያት አያገኝም።

ለዚህ መጽሐፍ ሲባል ብቻ እስከ አያት መሄድ ያዋጣል። የማያዋጣው ባለሱቁን «የቱ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቤቱ መጽሐፍ የሚተምነው በውፍረቱና በሽፋኑ ድምቀት ነው፤ ማን ተረጎመው የሚለው ጉዳይ ዋጋ ውስጥ አይገባም። በ1700 የተተረጎመውም በ2000 የተተረጎመውም እኩል ይጠራባቸዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የገዢው ዕድልም ኪሳራም ከዚህ ይመጣል። ስሙን «ዶን ኪሾት» ብላችሁ ብትጠሩት አትፈሩ። ዛሬ ስፔኖች ከጉሮሮ የሚያወጧት ያቺ ፊደል ቀድሞ «ሽ» ነበረች፤ ድምፁ መለወጥ የያዘው በሴርቫንቴስ ዘመን አካባቢ ነው። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች የወሰዱት የድሮውን ድምፅ ነው፤ እኛም ከእነሱ ሰማነው።

መጽሐፉን ስታነሡ የፊት ሽፋኑን ተዉት። የውስጡን የርዕስ ገጽ ግለጡና የተርጓሚውን ስም ፈልጉ። በመደርደሪያው ላይ በብዛት የሚገኘው ርካሹ የዎርድስዎርዝ እትም የፒተር ሞትዩ ትርጉም ነው። ሞትዩ ተሰድዶ ለንደን የገባ ፈረንሳዊ ነበር፤ በ1700 ያወጣው ሥራ የብዙ ሰው እጅ አለበት። ሴርቫንቴስ የሚያስቀው ፊቱን ሳይፈታ ነው፤ ሞትዩ ግን ቀልዱ ሳይደርስ ቀድሞ ይስቃል፤ የዶን ኪሆቴን አሽከር ሳንቾንም የለንደን መጠጥ ቤት ቀልደኛ አድርጎታል። በ1885 የራሱን ትርጉም ያሳተመው ጆን ኦርምስቢ በመግቢያው ላይ የሞትዩን ሥራ ከከንቱም የባሰ ብሎታል፤ ዋናውን ሳያሳይ መቅረቱ ሳያንስ አጣሞ ያሳያል በማለት። ፍርዱ መራራ ነው፣ ግን ትክክል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው በርካሽነቱ ተስቦ ይህን አይግዛ።

ሁለተኛው ኦክስፎርድ ያሳተመው የቻርልስ ጃርቪስ ትርጉም ነው። ሰውየው የቁም ሥዕል ሠሪ ነበር፤ እውነተኛ ስሙ ጀርቫስ ነው። ከሞተ በኋላ በ1742 መጽሐፉ ሲታተም ስሙ ተሳስቶ «ጃርቪስ» ተባለ፤ ስህተቱ እስከ ዛሬ አልታረመም። ትርጉሙ ደረቅ ነው፤ ግን ለስፓኒሹ የታመነ ነው። ሦስተኛው በ1950 የወጣው የጄ. ኤም. ኮኸን ነው፤ ጥርት ያለና ያልተንዛዛ እንግሊዝኛ ስላለው እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አንባቢ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። አራተኛው ፔንግዊን በኮኸን ቦታ በ2000 የተካው የጆን ራዘርፎርድ ትርጉም ሲሆን፣ ቀልዱን በቀልድ ለመመለስ ከሁሉም የደፈረ ነው። አምስተኛው የኢዲት ግሮስማን ነው፤ በ2003 የወጣ። ስለሱ አንድ የሚያሳዝን ነገር ስላለ በኋላ እንመለስበታለን።

አምስቱን ለማመዛዘን የመጀመሪያው ምዕራፍ የመጀመሪያ አንቀጽ ይበቃል፤ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ሴርቫንቴስ ሰውየውን የሚያስተዋውቀው በሚበላው ነው፦ ከበግ ይልቅ የበሬ ሥጋ የሚበዛበት ቅቅል፣ ማታ ማታ የተከተፈ ሥጋ፣ ዓርብ ምስር፣ እሑድ አልፎ አልፎ የርግብ ጫጩት። ከገቢው አራት እጅ ሦስቱ በዚህ ያልቃል። በዚያን ጊዜ በስፔኗ ካስቲሊያ በግ ከበሬ ይወደድ ነበር፤ ስለዚህ «የበሬ ሥጋ የበዛበት» ማለት የድግስ ሳይሆን የቁጠባ ምልክት ነው። ዓርብ ምስር ለምን እንደሚበላ ለለንደን አንባቢ የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል፤ ለአያት አንባቢ አያስፈልገውም።

አስቸጋሪው የቅዳሜው ምግብ ነው። የስፓኒሹ ስም ቃል በቃል ሲመለስ «ሐዘንና ስብራት» ይላል። ቅዳሜ በካስቲሊያ ግማሽ ጾም ነበረች፤ ደህናው ሥጋ ተከልክሎ ጭንቅላት፣ እግርና የሆድ ዕቃ ይፈቀድ ነበር። ምግቡን አብዛኞቹ ሊቃውንት እንቁላል በአሳማ ስብ ነው ይላሉ። ሞትዩ «ሐዘንና ሲቃ» ብሎ ቃሉን ብቻ ገለበጠው፤ አንባቢው ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያለቅስ ይመስለዋል። ኦርምስቢ «ትርፍራፊ» ብሎ አለፈው። ራዘርፎርድ በስብ የተሠራ እንቁላል ሲል ሳህኑ ላይ ያለውን ነገረን፤ ግሮስማን ደግሞ እንቁላልና ጾም ብላ የቀኑን ሕግ አስገባች። ምግቡንም ጾሙንም የስሙንም ቀልድ ባንድ ጊዜ የያዘ የለም። የአማርኛ ተርጓሚ እዚህ ላይ ከሁሉም የተሻለ ዕድል አለው፤ የጾም ምግብ ስም ላይ መቀለድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሌላም አማርኛ የሚበልጥበት ቦታ አለ። ሳንቾ ጌታውን የሚጠራው በአክብሮት ነው፤ ዶን ኪሆቴ ደግሞ ሳንቾን አንተ ይለዋል፤ ሲቆጣ ግን አጠራሩን ቀይሮ ያርቀዋል። የዛሬው እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ ስላለው የቅርብ ጊዜዎቹ ተርጓሚዎች ይህን በ«ጌታዬ» ብዛት ለመሙላት ይታገላሉ። በአማርኛ አንተና እርስዎ ሥራውን ግስ ውስጥ ይሠሩታል። በአንጻሩ የእኛ ችግር የሚጀምረው ገና ርዕሱ ላይ ነው። «ኢዳልጎ» የተባለው ማዕረግ ግብር የማይከፍል፣ ዘሩን እንጂ ሀብቱን የማይቆጥር ትንሽ መኳንንት ነው። «ባላባት» ቢሉት መሬቱ ይበዛበታል፤ «ጨዋ» ቢሉት ዛሬ ጠባዩን ያመሰገኑት ይመስላል። የፈረሱ ስም ሮሲናንቴም እንዲሁ ነው፦ «ሮሲን» አጋሰስ ፈረስ ነው፣ «አንቴ» ደግሞ «በፊት» ነው። በፊት አጋሰስ የነበረ፣ አሁን ከአጋሰሶች ሁሉ ፊት የሚቀድም። ይህን በማስታወሻ የሚያብራራ እትም ካገኛችሁ ምረጡት።

የሳንቾ ተረትና ምሳሌ ደግሞ የተርጓሚ ወጥመድ ነው። «ከሚበር አሞራ በእጅ ያለ ወፍ ይሻላል» የሚለውን የእንግሊዝ ተርጓሚዎች በቤታቸው ተረት ለመተካት ይፈተናሉ፤ ያኔ አሞራው በሮ ይጠፋል። እኛም ብንሞክር «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ዘሎ ይመጣልናል፤ ግን ያኛው ምክር ሲሆን የእኛው ወቀሳ ነው፣ ዓላማው ተገልብጧል። በሁለተኛው ክፍል ምዕራፍ 43 ላይ ዶን ኪሆቴ ተረቱ መሮት «60 ሺህ ሰይጣን አንተንም ተረትህንም ይውሰድ» ብሎ ይራገማል። ተረቶቹን የቀነሰ እትም ይህን እርግማን ያለ ምክንያት ያስቀረዋል።

የቀነሰ እትም ካልን፦ መደርደሪያው ላይ ተርጓሚው ያልተጻፈበት፣ በሽፋኑ ላይ የነፋስ ወፍጮ ያለበት ቀጭን መጽሐፍም አለ፤ ባለሱቁ «ሙሉ ነው» ይላል። አይደለም። ሙሉው መጽሐፍ ሁለት ክፍል ነው፤ በ1605 የታተመው 52 ምዕራፍ፣ በ1615 የታተመው 74 ምዕራፍ፣ በድምሩ 126። ማውጫው ከዚህ ካነሰ ተቆርጧል። ማውጫ ከሌለውም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚሆን መፈተኛ አለ። የመጀመሪያውን ክፍል ምዕራፍ 29 አውጡ። ቄሱና ፀጉር አስተካካዩ ዶን ኪሆቴን ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲሉ ዶሮቴያ የተባለችውን ወጣት «የታላቁ የሚኮሚኮን መንግሥት ንግሥት፣ ከኢትዮጵያ» ብለው ያቀርቧታል። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ደግሞ ከጊኒ መጣች ይባላል፤ ለውሸታሞቹ ካርታው ግድ አልሰጣቸውም። ሳንቾ የሚገዛው ሕዝብ ጥቁር መሆኑ ጥቂት ያሳስበውና ወዲያው መላ ያገኛል፦ ወደ ስፔን ወስዶ መሸጥ፤ ጥቁሮቹን ብርና ወርቅ ማድረግ። የሳንቾ ሞኝነት እዚህ ላይ ጥርስ አለው፤ ሴርቫንቴስ ራሱ አልጀርስ ውስጥ ከ1575 እስከ 1580 ተማርኮ በገንዘብ የተዋጀ ሰው ነበርና ሰው መሸጥ ምን እንደሆነ ያውቃል። ለልጆች የሚዘጋጁት ምጥኖች ይህን ገጽ ይዘሉታል። የሚገርመው፣ መጽሐፉ ማድሪድ ሲታተም ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚሲዮናዊ) እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር።

ከምዕራፍ 29 በኋላ ወደ 9 ተመለሱ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ለአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የሚሆን ምርጥ ገጽ እሱ ነው። ተራኪው ቶሌዶ ገበያ ላይ አንድ ልጅ አሮጌ ደብተሮችን ለሐር ነጋዴ ሊሸጥ ሲል ይደርስበታል፤ እኛ ዘንድ ለቆሎ መጠቅለያ እንደሚሄደው ማለት ነው። ጽሑፉ ዓረብኛ ነው፤ ደራሲው ሲዴ ሐሜቴ ቤነንኼሊ ይባላል፤ የሚተርከውም የዶን ኪሆቴን ታሪክ ነው። ደብተሮቹን በግማሽ ሪያል ገዝቶ ለአንድ ሞሪስኮ (ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባ ስፔናዊ) ተርጓሚ ይሰጣል። ክፍያው ሁለት አሮባ ዘቢብና ሁለት ፋኔጋ ስንዴ ነው፤ በዛሬው መለኪያ 23 ኪሎ ያህል ዘቢብና ከ1 ኩንታል ትንሽ የሚያንስ ስንዴ። ሥራው ከወር ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ አለቀ። ሁሉም የሴርቫንቴስ ፈጠራ ነው። ስለዚህ ስፔኖች ዋናው ብለው የያዙት ራሱ ትርጉም ነኝ እያለ ነው የሚጀምረው። «ክብረ ነገሥት» መጨረሻው ላይ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ እንደሚለው ለምናውቅ ለእኛ የቀልዱ ዘር ቶሎ ይገባናል። በሁለተኛው ክፍል ምዕራፍ 62 ዶን ኪሆቴ ባርሴሎና ማተሚያ ቤት ገብቶ፣ ትርጉም ማለት የፍላንደርስን ሥዕላዊ ምንጣፍ ከጀርባው እንደማየት ነው፣ ሥዕሉ ቢታይም ክሩ ይሸፍነዋል የሚለው በዚሁ መንፈስ ነው።

መጽሐፉን ገዝታችሁ ከወሰዳችሁ በኋላ «ገጽ ጎድሎበታል» ብላችሁ ለመመለስ የምትቸኩሉበት ቦታ አለ፤ አትቸኩሉ። በመጀመሪያው ክፍል ምዕራፍ 25 ላይ የሳንቾ አህያ ተሰርቋል ይባላል፤ መቼ እንደተሰረቀ ግን አልተነገረም። በኋላ ደግሞ አህያው ያለ ማብራሪያ ተመልሶ ይገኛል። ይህ የ1605 የመጀመሪያ ኅትመት ስህተት ነው። በዚያው ዓመት በወጣው ሁለተኛ ኅትመት የስርቆቱ ታሪክ ምዕራፍ 23 ውስጥ ገባ፤ ግን ከዚያ በታች ሳንቾ አሁንም አህያው ላይ ተቀምጦ ስለቀረ ነገሩ ባሰበት። ሴርቫንቴስ ከ10 ዓመት በኋላ በሁለተኛው ክፍል ምዕራፍ 3 እና 4 በራሱ ስህተት ይቀልዳል። አንዳንዱ እትም ስርቆቱን ጽሑፉ ውስጥ፣ አንዳንዱ ማስታወሻ ላይ፣ አንዳንዱ የትም አያስገባውም።

አሁን ስለ አካሉ። አንድ ሺህ ገጽ ገደማ የሆነ በኮላ ብቻ የተጣበቀ ወረቀት ሽፋን መጽሐፍ የሚሰነጠቀው መሀሉ ላይ ነው፤ የዚህ መጽሐፍ መሀል ደግሞ የሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚረግፈው የሁለተኛው ክፍል መቅድም ይሆናል፤ በ1614 በአቬላኔዳ ስም የሐሰት ሁለተኛ ክፍል ላሳተመው ሰው ሴርቫንቴስ የሰጠው መልስ ያለበት። በቤቱ ያለው የኮኸን ቅጂ እንደዚህ ሆኗል። ገልጣችሁ ቁጠሩ፤ ገጾቹ ካሉ መጠገን ይቻላል።

ባለሱቁ ጥገናም ይሠራል፤ እዚህ ላይ እጁ ጥሩ ነው፣ ልማዱ ግን መጥፎ። ካልተነገረው በስተቀር ከጎን ወግቶ በወፍራም ክር ይሰፋዋል። ይህ አይነቀልም፤ ግን ከውስጠኛው ኅዳግ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚበላ የመስመሮቹ ጫፍ ስፌቱ ውስጥ ይገባል፣ መጽሐፉም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አይቆምም። መጽሐፉን ከክፍሎቹ ድንበር ላይ ለሁለት እንዲከፍልላችሁ፣ ጀርባውን በአሸዋ ወረቀት አሻክሮ ነጭ ኮላ ሁለት ጊዜ እንዲቀባ፣ በመካከሉም ስስ ጨርቅ እንዲያጣብቅበት ንገሩት። አንድ ሌሊት ከክብደት ሥር ማደር አለበት። «አሁኑኑ ይደርሳል» ካለ ትኩስ ኮላ ሊያፈስበት ነው፤ እሱ ሲበርደው ይደርቅና ይሰነጠቃል።

የኅትመት አገልግሎቱም እንዲሁ ነው። ኦርምስቢ የቅጂ መብቱ ካበቃ ቆይቷል፤ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ሄዶ ማሳተም ማንንም አይጎዳም። ጽሑፉ ወደ 400 ሺህ ቃል ነው። ኤ5 ገጽ ላይ 450 ቃል ቢገባ 890 ገጽ ያህል ይወጣዋል፤ በሁለት ፊት ከታተመ 223 ኤ4 ወረቀት ነው፣ ግማሽ ደስጣ አይሞላም። በ80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ክብደቱ ከኪሎ በላይ ነው። ይህን በአንድ ጥራዝ አታስይዙ። ችግሩ ከወረቀቱ የሚመጣ ነው፦ የኤ4 ወረቀት ጭረቱ በርዝመቱ ስለሚሄድ፣ ለኤ5 ሲታጠፍ ወይም ሲቆረጥ ጭረቱ ጀርባውን ያቋርጣል። ቅጠሉ በቀላሉ አይተኛም፤ በተገለጠ ቁጥር ኮላውን ይጎትታል። አራት አራት ወረቀት እየታጠፈ በእጥፉ ላይ ከተሰፋ ግን ይይዛል። ማሽኑ ላይ ሲታተም የቡክሌት አቀማመጥ ምረጡ፤ አለዚያ የገጹ ቅደም ተከተል ይመሳቀላል።

የሚያሳዝነው የግሮስማኑ ነው። በመደርደሪያው ላይ ያለው «ኦርጅናል» ቢባልም ኮፒ ነው፤ ሽፋኑ ይብረቀረቃል፣ ወረቀቱ ነጭ ነው፣ ስለዚህ ከሁሉም ውድ ነው። ገልብጣችሁ የገጾቹን ግርጌ እዩ። የዚህ ትርጉም አንዱ ጥቅም የግርጌ ማስታወሻዎቹ ናቸው፤ ሲቆረጥ ግን የታችኛው መስመር አብሮ ተቆርጧል። ሥራው የቅጂ መብት ያለበት ስለሆነ ይህን መግዛት ተርጓሚዋንም አንባቢውንም መበደል ነው። (አርጀንቲናዊው ደራሲ ቦርኸስ በ1939 «ዶን ኪሆቴ»ን ቃል በቃል እንደገና የሚጽፍ ሰው ታሪክ ጽፎ ነበር፤ ያ ሰው ቢያንስ መስመር አልጎደለበትም።)

ኪራይም አለ፤ ሙሉ ዋጋው በማስያዣ ይቀመጥና በሳምንት ይከፈላል። ለዚህ መጽሐፍ ሳምንት ቀልድ ነው፤ በቀን 140 ገጽ ማንበብ ይጠይቃል። በቀን 35 ገጽ ብታነቡ አንድ ወር ይፈጃል፤ ስለዚህ የወር ዋጋ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ መጽሐፉም ላይ ያሉት ስንጥቆች በደብተሩ ይጻፉ።

እዚያው ጎን ከደርግ ዘመን የተረፉት የሶቪየት እንግሊዝኛ መጻሕፍት አሉ። ከነሱ መሀል የዶስቶየቭስኪ «ደደቡ» ካለ አብራችሁ ያዙት፤ አግላያ የልዑል ሚሽኪንን ደብዳቤ ሳታስተውል አንድ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ትከተዋለች፤ ከሳምንት በኋላ መጽሐፉ «ዶን ኪሆቴ» መሆኑን አይታ ትስቃለች። እንግሊዛዊው ደራሲ ፊልዲንግም በ1742 በሴርቫንቴስ አካሄድ የተጻፈ ብሎ የልቦለዱ ርዕስ ገጽ ላይ አሳትሟል። በ2002 የኖርዌይ የመጽሐፍ ክበቦች ከ54 አገሮች 100 ደራሲዎችን ሲጠይቁ ከሁሉ በላይ የተመረጠው ይኸው መጽሐፍ ነው። ከአማርኛው ረድፍ ደግሞ ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» አለ፤ ሴርቫንቴስም በመቅድሙ መጽሐፉ እስር ቤት እንደተፀነሰ ይናገራልና ጉርብትናው ይስማማል።

አንድ ብቻ መውሰድ ለሚፈልግ፦ ለንባብ ኮኸን፣ ለሳቅ ራዘርፎርድ፣ ለመተርጎም ለሚያስብ ደግሞ ጃርቪስና ራዘርፎርድ ጎን ለጎን። የጃርቪሱ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከመለማመጃዎቹ ኋላ፤ ጀርባው ስለተገነጠለ ስሙ ከውጭ አይታይም።